ከረጢቱን የያዙት ሁለት ሰዎች

ዕድል የሚሉትን ቃል አልወድም። ከመሬት ተነስቼ አይደለም የጠላሁት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመውጫ ፈተናውን ስወድቅ፣ ካምባ ያሉት ዘመዶቼ በሙሉ ያጽናኑኝ በዚችው ቃል ነው። "ዕድልሽ ነው፤ ምን ይደረግ?" አሉኝ። ደግሜ ስወድቅ ቃሏን አስረዘሟትና "የአርባ ቀን ዕድሏ ነው" አሉ፤ ይሄንን እንኳ ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ ነው ያሉት። "ኢኮኖሚክስ ከባድ ነው" ያለኝ የለም። "ሰንፈሽ ነው" ያለኝም የለም። ሰንፈሽ ነው ቢሉኝ እጣላቸው ነበር፤ ግን ቢያንስ የምጣላው ነገር አገኝ ነበር። ዕድልን ምኑን ይዘው ይጣሉታል?

ታዲያ በዚያው ሰሞን እሁድ እሁድ ከሰዓት የማሳልፈው ከላይ እስከ ታች በዕድል በሚሄድ ጨዋታ ነበር ብል የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ።

ሦስት ነን። አንደኛው ኦቾሎ በምትባል የጋሞ ደጋ መንደር ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ሒሳብ የሚያስተምር ጓደኛችን ነው። ሁለተኛዋ ከደሴ ለትምህርት መጥታ፣ ተመርቃ፣ ሥራም አግኝታ እዚሁ የቀረች፣ ሲቀላ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት አብራኝ የተከራየች ጓደኛዬ ናት። የመጀመሪያውን ፈተና አብረን ነው የተፈተንነው፤ እሷ አለፈች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ጨዋታውን ያመጣው የኦቾሎው ነው። ለጥናት ወደ ደጋው ለመጣች አንዲት ፈረንጅ ሲያስተረጉም ከርሞ፣ ስትሄድ ሳጥኑን እንዳለ ትታለት ሄደች። ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አንዳንድ ፊደሉ አናት ላይ ሁለት ነጥብ የተቀመጠበት፣ ማናችንም የማናውቀው ቋንቋ ነው። የአጨዋወቱ መመሪያ ደግሞ ከውስጡ ጠፍቷል። ያለን ሥዕል ብቻ ነበር። አንድ ተራራ፣ ተራራው ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ እንደ ሉዶ ያለ ዳይስ፣ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች፣ እና ቢጫ የተቀቡ ትንንሽ እንጨቶች። እንጨቶቹ ወርቅ መሆናቸው ነው። የጠፉትን በበቆሎ ፍሬ ተክተናል።

መመሪያ ከሌለ እንዴት ይጫወቱታል? የኦቾሎው "ዱቡሻ እንቀመጣለን" አለ። ዱቡሻ በጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት አደባባይ ነው። እዚያ እጅ ተቆጥሮ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ሰው ተራ በተራ እየተነሳ የሚታየውን ይናገራል፤ ሁሉም እስኪስማማ ድረስም ነገሩ አይዘጋም። እኛም በአከራያችን ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳን ዱቡሻ ተቀመጥን። ቋጥኝ የሚንከባለልበት ካርድ ናዳ ነው፤ የወጣለት ሰው ጉድጓዱ ይደፈናል። በዚህ አልተከራከርንም። አህያዋም ወርቅ ታመላልሳለች። ያቆየን አንድ ካርድ ነው። ሁለት ሰዎች አሉበት። አንደኛው ከረጢት ተሸክሟል፤ ሁለተኛው ከኋላው ሆኖ እጁን ወደ ከረጢቱ ሰዷል።

የኦቾሎው ተነሳና "ዳገት ላይ ናቸው" አለ። "የኋለኛው ከሥር እየደገፈለት ነው። እኛ ጋ ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ያገኘ ሰው ዝም ብሎት አያልፍም።" የደሴዋ ተነስታ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አለችና ተቀመጠች፤ ንግግር አታበዛም። እኔም ተነስቼ፣ እናቴ ከካምባ ገበያ ስትመለስ ከኋላዋ የምትመጣው ሴት የማንም ትሁን የማን ጀርባዋ ላይ ያለውን ጭነት ከፍ እያደረገች እንደምትከተላት ተናገርኩ። ተስማማን። ካርዱን "ማገዝ" አልነው። ካርዱ የወጣለት ሰው ጉድጓዱ ለተደፈነበት ሰው ዳይሱን ይጥልለታል፤ የተደፈነበት ሰው በራሱም በጓደኛውም ተራ ይቆፍራል ማለት ነው።

በዚህ ሕግ ማንም ከጨዋታ አይወጣም። ችግሩ፣ በዚህ ሕግ ጨዋታውም አያልቅም። የሚያልቀው አከራያችን ማንጎው ሥር ልብስ ልታጥብ ገንዳዋን ይዛ ስትመጣ ነው። የናዳው ካርድ ደግሞ እኔን ይወዳል። ሌላው ሰው ወርቅ ሲያወጣ እኔ ቋጥኝ አወጣለሁ። ጉድጓዴ ይደፈናል፣ እሳደባለሁ፣ ያግዙኛል፣ እንደገና እቆፍራለሁ። እሁድ ማለት ለእኔ ይህ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ደወለ። አባቴ በካምባ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ከእሱ ጋር መጣላት የሚከብደውም ለዚህ ነው።

"ልጄ፣ ለገበያ ዕቃ የሚያመጣ አይሱዙ ሰኞ ጠዋት ከሲቀላ ይነሳል" አለኝ። "ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ። ዕቃሽን ጫኚና ነይ።"

"አባዬ፣ የፈተናው ምዝገባ እኮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።"

"እንደገና ልትፈተኚ?"

"አዎ።"

"ልጄ፣ ሰው ከዕድሉ ጋር አይታገልም። የአጎትሽ ሱቅ ሰው ይፈልጋል። አንቺም እረፊ፣ እኛም እንረፍ።"

እኛም እንረፍ ያለው ነው ያመመኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ለጓደኞቼ ምንም አልተነፈስኩም፤ ምክንያቱም አይዞሽ ሊሉኝ ነው፣ አይዞሽ ደግሞ የዕድል የእህት ልጅ ናት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማንጎው ሥር እንግዳ አገኘሁ። የደሴዋ ጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ ከሰዓት በኋላ በጀልባ አዞ ሊያይ ቀጠሮ ይዟል። ሳጥኑን ገና ሲያየው ፊቱ በራ። "ይቺን ጨዋታ እኮ አውቃታለሁ! እኛ ጋ ካፌ ውስጥ ስንጫወታት ነው የምንውለው" አለ። እኛም ደስ አለን። ከዚያ ካርዶቹን አገላበጠና፣ እንዴት እንደምንጫወት ስንነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ማገዝ?" አለ ከረጢቱን ካርድ ከፍ አድርጎ። "ይሄ ሌባ ነው! እጁን ከቶ እየሰረቀው እኮ ነው። ካርዱ የወጣለት ሰው ደስ ካለው ሰው ላይ ወርቅ ይወስዳል። ወርቅ ሳይኖረው ጉድጓዱ የተደፈነበት ደግሞ ይወጣል፣ አለቀ።"

ሦስታችንም ካርዱ ላይ ተደፋን። ስንት እሁድ ያየነውን ሥዕል እንደ አዲስ አየነው። እውነትም የሰውዬው እጅ ከረጢቱ ውስጥ ገብቷል። እኛም መሳቅ ጀመርን፤ ምን ይደረጋል፣ ያስቃል።

በትክክለኛው ሕግ ተጫወትን። መጀመሪያ አንድ ወርቅ አወጣሁ፤ የበቆሎ ፍሬ ነበረች። ለእንግዳው የሌባው ካርድ ወጣለትና ወሰዳት። ቀጥሎ እኔ ካርድ ሳነሳ ቋጥኙ ወጣ። በቃ። ወንበሬ ለመጫወቻው ሰሌዳ ማስቀመጫ ተፈለገና እኔ ተነስቼ የአከራያችን ገንዳ ላይ፣ የተደፋው ላይ፣ ተቀመጥኩ።

"አትዘኚ" አለኝ እንግዳው፤ ክፋት የለውም፣ ጨዋ ልጅ ነው። "ዕድል ነው።"

ገንዳው ላይ ሆኜ አየኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ ጨዋታው ከእኛው ይሻላል። ፈጣን ነው፣ ይጮሁበታል፣ ይሰራረቃሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ደግሞ ከውጭ ሆኜ ሲያምር አየዋለሁ። የአጎቴ ሱቅ ባንኮኒ ከፊቴ ድቅን አለ። እዚያም ቆሜ፣ ከከተማ የሚመለሱትን እያየሁ፣ "ዕድሌ ነው" እያልኩ ስኳር ስመዝን ታየኝ። ደሜ ፈላ።

"ዱቡሻ!" አልኩና ተነሳሁ።

እንግዳው ግራ ገባው። "ምን? ሕጉን ለመቀየር ነው? እሺ፣ በድምፅ እንወስን።"

"በዱቡሻ ድምፅ አይቆጠርም" አለው የኦቾሎው፣ ዳይሱን አስቀምጦ። "ቆማለች፤ ትናገር።"

"ሌባ መሆኑን አይቻለሁ" አልኩ። "ዓይን አለኝ። የሣለው ሰው ሌባ ብሎ ይሣለው፤ መብቱ ነው። እዚህ ግቢ ግን ሰውዬው ሲያግዝ ነው የከረመው። እኛ ያስተማርነውን ሥራ ትቶ ዛሬ እንግዳ ስለመጣ ሌባ አይሆንም። ጉድጓዱ የተደፈነበት ሰው ወንበሩን ለቆ ገንዳ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ እኔ ይሄን ጨዋታ አልጫወትም። ነገም አይሱዙው ላይ አልወጣም!"

አይሱዙውን ልናገር አላሰብኩም ነበር። አፌ ነው ያወጣው።

"የምን አይሱዙ?" አለች የደሴዋ።

ነገርኳቸው። አባቴ ያለውን፣ እሺ ማለቴን፣ ሻንጣዬን ማሰናዳቴን። እያለቀስኩ ነበር፤ ግን የንዴት ለቅሶ ነው፣ ማንም ሌላ ነገር እንዳይመስለው። የደሴዋ "እኔ ጎንሽ ተኝቼ!" ብላ ተቆጣችኝ። አይዞሽ አላለችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

የኦቾሎው ዳይሱን አንስቶ በመዳፉ ያዘው። "ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግራቸውን ልንገርሽ" አለ። "ዳይስ አያስታውስም። ትናንት ምን እንዳመጣብሽ አያውቅም። ከካምባ ትምጪ ከደሴ አያውቅም። በአርባ ቀንሽ ማን ምን እንዳለም አልሰማም። ፈተናው ደግሞ ዳይስ እንኳ አይደለም፤ ይቆፈራል።" ከዚያ የከረጢቱን ካርድ ወሰደና ፊት ለፊቴ አስቀመጠው። "ስታትስቲክሱ የእኔ።"

"ማይክሮውና ማክሮው የእኔ" አለች የደሴዋ።

እንግዳው እኔን፣ ካርዱን፣ እህቱን አየ። የሰረቀኝን የበቆሎ ፍሬ ከኪሱ አውጥቶ ጉድጓዴ ላይ አደረገልኝ። "በእናንተው ሕግ እንጫወት እሺ፤ ግን ስህተት መሆኑን እወቁት" አለ። አወቅነው። በስህተታችን ተጫወትን፤ ጨዋታው እንደ ልማዱ አላለቀም፣ እሱም ጀልባው አመለጠው። አዞ ሳያይ ነው ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው።

ሰኞ ጠዋት አይሱዙው ሄደ። ለአባቴ ደውዬ "አልመጣሁም፣ ልመዘገብ ነው" አልኩት። "ዕድልሽን እየተፈታተንሽው ነው" አለኝ። "እስከ ዛሬ የተፈታተነኝ እሱ ነው አባዬ" ብዬ ዘጋሁ። በአባቴ ጆሮ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር። መልሼም አልደወልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሚያኮራ ወሬ የለውም። ሙቀት ነው፣ ወረቀት ነው፣ ትንኝ ነው። የደሴዋ ከሥራ ተመልሳ እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራ ትጠይቀኛለች፤ ስሳሳት ውኃ ትረጨኛለች። የኦቾሎው የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ በዚያው ዳይስ እየጣለ ያስረዳኛል፤ ካልገባኝ ሳይሰለች እንደገና ይጥላል። አከራያችን ኩርኩፋ፣ የበቆሎ ዱቄት ድቡልቡሉን፣ በሽፈራው ቅጠል ሠርታ እያመጣች "ልጆቼ፣ ወርቁ ወጣ?" ትለናለች። "ገና ነው" እንላታለን። እኔ ደግሞ ሲደክመኝ ያቺን ቃል አስታውሳለሁና ደሜ ይፈላል። ከቡና ይሻለኛል።

አለፍኩ።

እና ስልኬ አላርፍ አለ። "ዕድለኛ ነሽ!" አሉኝ። "ዕድልሽ ቀና!" አሉኝ። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያችው ቃል። ስወድቅ የዕድል ሥራ፣ ሳልፍም የዕድል ሥራ! ታዲያ እኔ የት ነበርኩ? ከመውደቄ ይልቅ ይሄ አናደደኝ። የመጣውን ሁሉ "ዕድል አይደለም፣ አጥንቼ ነው" እያልኩ መለስኩ፤ ጥጋበኛ ብለውኝ ይሆናል። ይበሉ። በመጨረሻ አባቴ ደወለ።

"ጌታ ይመስገን ልጄ" አለኝ፤ ድምፁ ወፍሯል። "ዕድልሽ ተከፈተ።"

"ጌታስ ይመስገን" አልኩት። "ዕድሌ ግን አልተከፈተም አባዬ። ተደፍኖ ነበር፤ ቆፈርነው።"

"ከእነማን ጋር?"

"ስመጣ አሳይሃለሁ።"

ካምባ ስሄድ የከረጢቱን ካርድ ከጓደኞቼ ተውሼ ይዤ ሄድኩ። እራት ከበላን በኋላ አባቴ እጅ ላይ አደረግኩት። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። መነጽሩን አጠለቀ፣ ወደ አምፖሉ አስጠጋው፣ ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየ፣ መልሶም ሥዕሉን አየ።

"ዳገት እየወጡ ነው" አለ። "ይሄ የኋለኛው እየደገፈለት ነው።"

"ሌባ ነው የሚሉም አሉ" አልኩት።

አባቴ ካርዱን መለሰልኝና መነጽሩን አወለቀ።

"ተሸክመው ዳገት ወጥተው አያውቁማ" አለኝ።