በካቡ ክፍተት የሚገቡት

ኢድዋል ፕራይስ ሚስት አላገባም፤ በጎቹም የሚታዘዙት ሲያሻቸው ነው። እንግሊዝና ዌልስ በሚዋሰኑበት በእኛ ኮረብታ፣ ንጉሥ ኦፋ ከሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ያስቆለለው ረጅም የአፈር ካብ የኢድዋልን ማሳ አቋርጦ ያልፋል። አባቱ የወተት መኪና እንዲገባለት ብሎ ካቡን በዶዘር በጥሶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ በክፍተቱ ባለቤቱ የማይታይ የእግር ኮቴ ይገባል፤ ሲነጋ ይወጣል። መጀመሪያ እስከ በረቱ ነበር፤ ኋላ እስከ ደጃፉ። ዘንድሮ ደረጃውን ወጥቶ መኝታ ቤቱ በር ላይ ይቆም ጀመር።

መጠጥ ቤት ውስጥ፣ "ኢድዋል፣ እንግዶችህ ራት በሉ?" እንለዋለን።

"የአንተ ሚስት የሠራችውን አቅርቤላቸው ሸሹ" ይላል። ብርጭቆውን ግን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

በመጨረሻ ክፍተቱን በአፈር ሊደፍን ቆርጦ ተነሣ። አካፋውን ሳያነሣ ግን የቅርስ ጥበቃ ሠራተኛዋ ካሪስ ደረሰችበት።

"አቶ ኢድዋል፣ አፈር መጨመር ክልክል ነው።"

"ማፍረሱስ ይሁን፤ መጠገኑም?"

"አዲሱ ከጥንቱ ከተቀላቀለ ኋላ ማን ይለየዋል? የፈረሰውም ቦታ እንዳለ ነው የሚጠበቀው።"

"የአባቴ ጥፋትም ቅርስ ሆነ በይኛ፣ ልጄ!"

"እ... እንደዚያም ማለት ይቻላል።"

ጀምበር እየጠለቀች ነበር። ካሪስ ክፍተቱ መሀል ቆማ ፎቶ ስታነሣ ድንገት ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና፣ አንድም ሰው በሌለበት፣ "ይቅርታ፣ እለፉ" አለች። ወዲያው ፊቷ አመድ መሰለ።

"መሬት ሳይቆፈር የሚቆም አጥር ቢሆን... እሱ ይቻላል" አለች፣ ቃላቷ እየተጋፉ።

ከበረቱ የበግ መከለያ አጥር ተሸክመው አመጡና ክፍተቱ ላይ ገተሩት። ያለፉት ወዴት እንዳለፉ አንዳቸውም አላሰቡም።

ሲነጋ መውጫ ያጡት ቤቱን ያተራምሱት ጀመር። ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ የበር እጀታ ይነካካሉ። ኢድዋል በባዶ እግሩ ሮጦ አጥሩን ጎትቶ ከፈተና ዳር ቆመ።

"ውጡ! በናታችሁ ውጡ!"

ጤዛ ያዘለው ሣር ከደጃፉ እስከ ክፍተቱ እየተረገጠ ተኛ። ሣሩ መንቀሳቀሱን ሲያቆም አጥሩን መልሶ ገተረው።

ረፋዱ ላይ ካሪስ ደወለች።

"ወጡ?"

"ወጡ።"

"ሁሉም?"

ኢድዋል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንዱ ቤቱን ወዶታል መሰለኝ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ አውሪ፤ አብሮኝ እያዳመጠሽ ነው።"