ከአልጋው ሥር ሃያ አራት ጠርሙስ

አጎቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥር ሲያይና ሲጽፍ ኖረ። የመድኃኒት ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ከክፍል ክፍል እየዞረ በየበሩ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ያነባል፣ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፣ ይፈርማል። ባልደረቦቹ «ዲግሪ» ይሉት ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ እንኳ ሚስቱ «አይ ልጄ፣ በዚህ ቤት ባለ ዲግሪው አንድ ሰው ነው» ብላ አሹፋብኛለች።

መጋዘኑ ደመወዝ ሰጠው፣ አፍንጫውን ወሰደበት። ከአሮጌዎቹ ማሽኖች አሞኒያ እያፈተለከ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ሽታ የሚባል ነገር ጠፋበት፤ ጣዕምም ከሽታው ጋር አብሮ ሄደ። ጨውን ከስኳር ይለያል፣ ከዚያ በላይ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ይወዳል ሲባል ያስቃል። እሱ ግን የሚወደው መለካቱንና መጠበቁን ነበር። መቅመሱ የሚስቱ ድርሻ ነው። እትዬ፣ እኛ ሁላችን እንዲያ ነበር የምንጠራት፣ ከብርጭቆው አንድ ጉንጭ ትወስድና ዓይኗን ጨፍና ዝም ትላለች። አጎቴ እርሳሱን ይዞ ፊቷን ያያል። «ትንሽ መረረ» ትለዋለች። «ይኼ የዳቦ ሽታ አለው።» «ይኼኛውን ለማትወደው ሰው ስጠው።» እሱም ቃሏን እንዳለ ይጽፋል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ። ልጅ አልነበራቸውም።

ቢራው በባልዲ ሁለት ሳምንት ይቦካል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ሲጨርስና መፍላቱ ሲያቆም፣ ትንሽ ስኳር ተጨምሮበት በየጠርሙሱ ይሞላል፤ ቆርኪ ይገጠምለታል። አጎቴን እንቅልፍ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው እርሾ ያችን ስኳር ወደ ጋዝ እንዲለውጣት ክፍሉ ሃያ፣ ሃያ አንድ ዲግሪ ላይ ሦስት ሳምንት መቆየት አለበት። ከቀዘቀዘ እርሾው ይተኛል፤ ቢራው አረፋ የማያውቅ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ከሞቀ ይቸኩላል። ለቸኮለ እርሾ ደግሞ ጠርሙስ አይበቃውም።

እትዬ የታመመችው ባለፈው የብርድ ወራት መግቢያ ላይ ነው። ሳንባዋ ላይ የጀመረው ወደ አጥንቷ ወረደ። ሐኪም ቤቱ ከዚህ በላይ የምናደርግላት የለም ብሎ ወደ ቤት ሲመልሳት፣ ባልዲው ውስጥ አዲስ ጥምቅ አምስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ክዳኑ ሥር ሲንተከተክ ከአልጋዋ ሆና ሰማችው።

«የዚህን ጣዕም ሳልነግርህ የትም አልሄድም» አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ለማጽናናት የተባለ ቀልድ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። አጎቴ እንደ ሥራ ትእዛዝ ተቀበለው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ «ሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ አራት» ብሎታል። በባልዲው ዘጠኝ ቀን ይቀራል፣ በጠርሙስ ሃያ አንድ፤ በአንድ ላይ ሠላሳ። ቁጥሩ አልገጠመም። ስለዚህ ቢራው ገና ቀስ እያለ እየፈላ ሳለ በስምንተኛው ቀን ጠርሙስ ውስጥ ከተተው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቁጥር ሳይሰርቅ የኖረ ሰው ስድስት ቀን ሰረቀ።

በቤቱ ማሞቂያ ያለው የእትዬ መኝታ ብቻ ነበር። ሃያ አራቱን ጠርሙስ በሁለት ሳጥን ከአልጋዋ ሥር አስገብቶ በብርድ ልብስ ሸፈናቸው፤ ቴርሞሜትሩን ከአልጋው እግር ጋር አሰረው። በየጠዋቱ የምትመጣው ነርስ ከበሩ ጀምራ ትቀልዳለች።

«ዛሬ የማንን ሙቀት ልለካ? የእርስዎን ነው የጠርሙሶቹን?»

«የጠርሙሶቹን አስቀድሚ» ትላታለች እትዬ። «የእኔስ ተለክቶ አልቋል።»

ቢራው ጠርሙስ ውስጥ በገባ በአሥረኛው ቀን ምግብ እምቢ አላት። ውሃም በማንኪያ ሆነ። እኔ ትራሷን ሳስተካክል አጎቴ ጎንበስ ብሎ ቴርሞሜትሩን ያነባል።

«አንዱን ክፈትልኝ» አለችው።

«አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል።»

«ለእሱ አሥራ አንድ ቀን ይቅረው። ለእኔ ስንት ቀረኝ?»

ወጥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፤ ቧንቧውን ከፍቶ ብዙ ሲቆይ ሰማሁት። ተመልሶ መጣና የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ ሃያ ዘጠኝ አዞረው።

«ጋሼ፣ አይፈነዳም?»

«አራት ቀን ብቻ ነው የምፈልገው። አራት ቀን ይችላል።»

እንደማይችል ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር። ያመንኩት ማመን ስለፈለግሁ ነው። እሱም እንደዚያው ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ እያነበብኩላት ነበር። ከሥሯ አንድ ነገር ጓ አለ፤ ፍራሹ ነጠረ፤ ስባሪ ጠርሙስ ግድግዳውን መታው። ወዲያው ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። ነጭ አረፋ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ጫማዬ ድረስ መጣ።

«ማነው የሚተኩሰው?» አለች እትዬ። ደንግጣ ሳትጨርስ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ፊቷ ጠቆረ።

አጎቴ እጁ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ሮጦ መጣ። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ተሸክመን ሳሎን ሶፋው ላይ አስተኛናት። ሳሎኑ ማሞቂያ የለውም፤ ስትተነፍስ እንፋሎት ይታያል። እሱ ወፍራም ካፖርቱን ለብሶ፣ የድስት ክዳን ፊቱ ላይ ጋርዶ ተመልሶ ገባ። ሳጥኖቹን ሲጎትት ሁለት ጠርሙስ ደግሞ ፈነዳ።

«አይዞህ ጀግናዬ!» አለች ከሶፋው ሆና፣ ድምፅ ባልቀረው ድምፅ።

የተረፉት ዘጠኝ ናቸው። ፍሪጁን ባዶ አድርጎ አንድ በአንድ እንደ እንቁላል ደረደራቸው። እጁ ደምቶ ነበር።

«በል አሁን ክፈት» አለችው።

«አሁን ቢከፈት ሁሉም አረፋ ሆኖ ጣሪያ ነው የሚመታው። ሁለት ቀን ይቀዝቅዝ፤ ጋዙ ወደ ቢራው ይመለሳል።»

«ጣሪያውን እልሰዋለሁ። አምጣ።»

«ከነገ ወዲያ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ፣ እውነቴን ነው።»

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሳትቆጣ፣ ሕፃን እንደምታባብል ሆና፣ «ከነገ ወዲያ የሚባለውን አገር አይተኸው ታውቃለህ?»

መኝታው በስባሪ ተሞልቶ በቢራ ርሶ ስለነበር ያን ዕለት ሳሎን አደረች። በማግስቱ ረፋድ ላይ እዚያው ሶፋው ላይ ሞተች። ነርሷ ከብርድ ልብሱ ሥር ያለውን እጇን ይዛ ነበር፤ አጎቴ እግሯን የሚያሞቅላትን የላስቲክ ከረጢት ሙቅ ውሃ ሊሞላ ወጥ ቤት ነበር።

ለቅሶው አልፎ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ከወር በላይ ቆይቼ ልጠይቀው ሄድኩ። ቤቱ ይበርዳል። ካፖርቱን ለብሶ ወጥ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ፍሪጁ ውስጥ ከዘጠኙ ጠርሙስ ሌላ ምንም የለም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብተር የፍሪጁ ሙቀት በየሁለት ሰዓቱ ተጽፎበታል፤ አራት፣ አራት፣ አራት። ገጽ ገልጬ አየሁ፤ አራት።

«አራት ላይ ብዙ ነገር አይለወጥም» አለኝ። «እንደተውኩት ነው ያለው።»

አንዱን አውጥቶ ከፈተው። ቀጭን ትንፋሽ ወጣ። በብርጭቆው ጎን አድርጎ ቀዳው፤ ሁለት ጣት የሚሆን አረፋ ወጥቶ ቆመ።

«ቅመስና እንደ እሷ አድርገህ ንገረኝ።»

ቀመስኩት። በሕይወቴ ከጠጣሁት ቢራ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። መጀመሪያ የተቆላ ብቅል፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ምሬት፣ መጨረሻ ላይ ማር የሚመስል ነገር። አጎቴ እርሳሱን ይዞ ፊቴን ያያል። ጥሩ ነው ካልኩት፣ በአንድ ቀን ያመለጣት ነገር ምን ያህል እንደነበር ዕድሜውን ሙሉ እያወቀ ሊኖር ነው ብዬ አሰብኩ። ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር።

«ኮምጥጧል፣ ጋሼ።»

«ኮምጥጧል?»

«ኮምጣጤ ሆኗል። አይጠጣም።»

እርሳሱ ደብተሩ ላይ ቆመ። ቀለል ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቃሉን ጻፈው፣ ደብተሩን ከደነ፣ እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ።

«እንግዲያ ለኮምጣጤ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ከሞቀ አልጋዋ ያስወጣኋት። ብርድ ላይ ያሳደርኳት።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እንደ እሷ አላውቅም፤ ተሳስቼ ይሆናል። ሌላውን እንክፈት።»

«ተው ልጄ። ልታጽናናኝ ነው። መጀመሪያ ያልከው ነው እውነቱ።»

እውነቱን ነገርኩት። ዋሽቼ ነበር፣ ቢራው ግሩም ነው፣ እትዬ ብትቀምሰው ዓይኗን ጨፍና ትቀር ነበር አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው። እሱ ቢቀምሰው አይለየውም፤ እኔ ደግሞ ቃሌን አበላሽቻለሁ። የቀሩትን ስምንቱን አውጥቶ ሳህን ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ደረደራቸው።

«ቆርኪውን ንቀልልኝ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

እኔ እምቢ ብለው ጎረቤት ጠርቶ ያስከፍት ነበር። አንድ በአንድ ነቀልኩለት፣ አንድ በአንድ ደፋው። ቢራው ቶሎ ወረደ። አረፋው ግን እምቢ አለ፤ ማጠቢያውን ሞልቶ ቆመ። አጎቴ ቧንቧውን አልከፈተም፣ ወንበሩንም አልሳበም። ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን እስኪበርድ ጠበቅን።