ሳይሰምር የገባ ስለት

ልጅ እያለሁ ከፊቴ ይልቅ እግሬን የሚያውቀው ሰው ይበዛ ነበር። አሰላ ያን ጊዜ ሁሉም ሁሉንም የሚያውቅባት ትንሽ ከተማ ናት፤ እኔ ደግሞ ገና ዳዴ ሳልጨርስ ትኩሳት ጥሎኝ፣ ሲለቀኝ ግራ እግሬን ይዞብኝ ሄዷል። "የማን ልጅ ናት?" ሲባል "ያቺ የምታነክሰዋ" ይባላል፣ አለቀ። ብትጠይቁኝ ብዙም አልከፋኝም ነበር። እንዲያውም ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ንግሥቷ እኔ ነኝ፤ በአንድ እግር መዝለል ከሆነ ማን ይችለኛል! ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጉንጫችንን እያቀላው፣ የባሕር ዛፉ ሽታ እያወደን፣ ከቤት ተጠርቼ ካልተቆጡኝ በቀር አልገባም ነበር።

እግሬ ያስጨነቀው እናቴን ነው። በወጌሻ አሳሽታኛለች፣ ጠበል አስጠምቃኛለች፣ አዝላ ክሊኒክ ድሬሰሩ ጋ ወስዳኛለች። ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ ለሰፈራችን ታቦት ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች፦ ልጄን ቀጥ አድርገሽ ካስኬድሽልኝ፣ በክብረ በዓልሽ ቀን ታቦትሽ ላይ የሚዘረጋ የከፈይ ጥላ አገባልሻለሁ አለች። ትዕግሥት የሚባል ያልፈጠረባት ሴት ናትና የእኔን መዳን እንኳ ሳትጠብቅ ጥላውን አስገዛችው። ያመጡላት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ከበቆጂ ገብስ እያመጡ የሚነግዱ፣ አዲስ አበባም ወጣ ገባ የሚሉ ሴት ነበሩ። ጥላው ወይን ጠጅ ከፈይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት። እናቴ በነጭ ነጠላ ጠቅልላ፣ አደስ ነስንሳበት፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው።

ያስቆለፏትም እትዬ ዘነበች ናቸው። "ዋ! ሳይሰምርልሽ እንዳታገቢ" ይሏታል። "ቀድማ ከተቀበለችሽ በኋላ ምን ያስቸኩላታል?" ምን ያድርጉ፣ የንግድ ሰው ናቸው፤ ገብሱን በእጃቸው ዘግነው ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም። እናቴም ነገሩ ልክ መስሎ ታያት።

እንግዲህ የካቲት አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ፣ በደረሰ ቁጥር የእኔ ፈተና ይመጣል። እናቴ ደጃፍ ላይ ትቆምና "እስቲ ነይ የኔ እመቤት፣ ቀስ ብለሽ" እያለች ከአጥሩ ወደ እሷ ታስኬደኛለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ እግሬን ቀጥ ላድርግ ስል ጭራሽ ይብስብኛል። ፊቷን ባላይ እመርጥ ነበር። "ለከርሞ ያድርሰን" ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ጥላውም ሳጥኑ ውስጥ ይከርማል። ሌሎቹ ልጆች ለንግሥ አዲስ ቀሚስ ሲያስቡ እኔ ከጓሮ አጥሩን እየያዝኩ መራመድ ስለማመድ እውላለሁ። በእኔ እግር የተነሣ እመቤታችን ጥላ ያጣች ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ በእሷ እናደዳለሁ። አንድ ቀን "እማዬ፣ ጥላውን ካልፈለገችው ለምን አትነግረንም?" ብል እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። "ዝም በይ! ትሰማሻለች!" አለች። ከሰማችማ ምን ቀረ አልኩ በልቤ።

አስኳላ ከገባሁ በኋላ አንድ ዓመት ላይ ግን ነገሩ ከረረ። እትዬ ዘነበች ስለቱን ወደ ሌላ ታቦት አዙሪው ማለት ጀምረዋል። "አንዱ ካልሆነ አንዱ ጋ ይኬዳል እንጂ እስከ መቼ ደጅ ትጠኛለሽ?" አሏት። እናቴም በቁጣም ይሁን በድካም "እውነትዎን ነው፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለገብርኤል አዞረዋለሁ" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ኪዳነ ምሕረት እኮ ጎረቤታችን ናት፤ ደወሏ ነው የሚቀሰቅሰን። እሷ እኛን፣ እኛም እሷን ካኮረፍን እንዴት አንድ ሰፈር እንኖራለን? በዚያ ዓመት ፈተና ላይ እንደ ምንም ብዬ ላሳምር ስል አጥሩ ሥር በአፍጢሜ ተደፋሁ። እናቴ አንስታ ቀሚሴን አራገፈችልኝ። "ለከርሞ ያድርሰን" እንኳ አላለችም።

በማግሥቱ ታቦት ወጣ። ሜዳው በሰው ሞልቷል፤ ከጎበሳና ከጢቾ ድረስ በበቅሎ የመጣ አለ። መምሬ ተክሌ ታቦቱን በራሳቸው ተሸክመው ዑደቱን ጀመሩ፣ ዲያቆኑ ያንኑ የቤተ ክርስቲያኗን አሮጌ ጥላ ይዞ ይከተላቸዋል። ገና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሳይዞሩ የበልግ ዝናብ ከተራራው ዱብ አለ። ነፋሱ አሮጌውን ጥላ ገለበጠው፣ ሽቦው ተገነጠለ፣ ዲያቆኑ እጁ ላይ ዱላው ብቻ ቀረ። ሰው ነጠላውን እየገፈፈ ሊያለብስ ይሯሯጣል፤ መምሬም በዝናቡ መሐል ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ታቦቱን የሸፈነው ግምጃ ውኃ ያንጠባጥባል።

ቀና ብዬ ሳይ እናቴ አጠገቤ የለችም። ቤታችን ቅርብ ነው። ከአፍታ በኋላ ጫማዋን ጥላ፣ ነጠላዋን ታጥቃ፣ ጥላውን እንደ ሕፃን አቅፋ እየሮጠች መጣች። እትዬ ዘነበች ክንዷን ያዟት። "አንቺ ሴት፣ አበድሽ? ልጅሽ ገና እኮ አልዳነችም!"

"እና ልጄ እስክትድን እሷ ትበስብስ?" አለች እናቴ። ጮኻ ነው ያለችው፣ ሰው ሁሉ ሰማት።

እትዬ ዘነበች እጃቸውን ለቀቁ። ወይን ጠጁ ጥላ ሲዘረጋ፣ ወርቃማው ዘርፍ ሲወዛወዝ፣ መጀመሪያ እልል ያሉት ራሳቸው እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ዕንባቸውና ዝናቡ ተቀላቅሎ። እኔ ደስታ ይሁን ድንጋጤ እንጃ፣ ብቻ ከዓመታት ሸክም የተገላገልኩ መሰለኝ። እናቴ ከእግር እስከ ራሷ ርሳ ትስቃለች። በኪዳነ ምሕረት ቀን ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፈተናው ቀረ። እግሬም በገዛ ፈቃዱ እያነከሰ ትምህርት ቤት ተመላለሰ፣ ተዳረ፣ ወለደ፣ ዛሬም ያነክሳል። አሁን ሰባኪ በየድምፅ ማጉያው እምነት ውል ነው፣ የለም ፍቅር ነው እያለ ሲሟገት እሰማለሁ። ወጣቶቹም ጸሎታቸው የመሥሪያ ቤት ማመልከቻ እየመሰለብኝ ነው፤ ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርጋለሁ። አልፈርድባቸውም፤ እናቴም ከዚያው ነው የጀመረችው። ውሉን ያፈረሰችው ግን ያፈቀረች ጊዜ ነው፣ እኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።

ከዚያ ንግሥ በኋላ በመጣው ወር፣ በአሥራ ስድስት ማለዳ፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ አየኋት። ጥላው ገብቷል፣ እኔ አልዳንኩም፤ ከእንግዲህ ምን ይዛ፣ ምን ልታገኝ?

"እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትለምኛት ነው?" አልኳት።

"ምንም" አለች፣ የእኔንም ነጠላ እያለበሰችኝ። "እንዴት አደርሽ ልንላት ነው።"