የአዛኙ ምክትል

በዚያ ትልቅ የልብስ እጥበት ቤት ውስጥ የሚያጥብ ያጥባል፣ የሚተኩስ ይተኩሳል፣ የተበጠሰ ቁልፍ የሚተክልም አለ። የአዛኙ ሥራ ግን ማዘን ነው። ከመግቢያው በስተግራ፣ ለቅሬታ ከተለየው ባንኮኒ ጀርባ ይቆማል። ሸሚዙ የተቃጠለበት፣ ሱሪው ከሌላ ሰው ሱሪ ጋር የተለዋወጠበት፣ ነጭ ቀሚሷ ሮዝ ሆኖ የጠበቃት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ሊደባደብ የመጣ ሰው እንኳ እሱ ፊት ሲደርስ ይበርዳል። አዛኙ የተበላሸውን ልብስ እንደታመመ ሕፃን በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። ከዚያ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ በአፍንጫው አጭር ትንፋሽ ያወጣና «እኔን ይድፋኝ» ይላል። ከዚህ በኋላ ማን ይጮሃል?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እጁ ደረቱ ላይ ሳለ ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ምሳ ላይ ነው። በዚህ አልፈርድበትም። ቀኑን ሙሉ ለሰው ካልሲ ከልቡ የሚያዝን ሰው በሳምንቱ አልጋ ይይዛል። ችግሩ ልማዱ ከሥራ ልብሱ ጋር አለመውለቁ ነው። ጎረቤቱን እግሩን ወለም ቢለው፣ የልጅነት ጓደኛው ከሥራ ቢባረር፣ ያችኑ አንገት ይሰብራል፣ ያችኑ ትንፋሽ ያወጣል። የታላቅ እህቱ ባል የሞተ ጊዜም ደጃፍ ላይ ቆሞ ለቀስተኛውን ሁሉ ሲያጽናና ዋለ። ሰዉ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» እያለ አደነቀው። እህቱ ግን በመስኮት አየችው፤ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣውም።

እህቱ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው ናት። አዛኙ «ጋሼ» የሚለው ባሏም ቢሆን፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ትንሹን አማቹን የሱፍ ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ ትምህርት ቤት ሲያደርስ የኖረ ሰው ነበር። ሐዘኑ ከከረመ በኋላ ነው እንግዲህ እህትየው ያንኑ ካፖርት ከቁም ሳጥን አውጥታ «እስቲ አሳጥብልኝ፤ አደራ» ብላ የሰጠችው።

የእጥበት ቤቱ ደንብ ቀላል ነው፤ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ያልተሰፋበት ልብስ ወደ ውስጥ አይገባም። አዛኙ ስሙን ሊጽፍ እስክሪብቶ አነሳ። ካፖርቱ አሁንም ጋሼን ጋሼን ይሸታል። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መልሶ አነሳ። በመጨረሻ ካፖርቱን ያለ ስም ጠቅልሎ አጠገቡ ባገኘው ጆንያ ውስጥ ወሸቀና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ጆንያው የሆቴል አንሶላ የሞላበት ነበር፤ የሆቴል አንሶላ ደግሞ የሚታጠበው በፈላ ውሃ ነው። ካፖርቱ ከማሽኑ ሲወጣ መዋዕለ ሕፃናት ለሚውል ልጅ ልክ ሆኗል።

ይዞላት ሄደ። በሩን ስትከፍትለት «እትዬ» አለ። አንገቱ ተሰበረ፣ እጁ ደረቱ ላይ ወጣ፣ ትንፋሹም ተከተለች። «ስለደረሰው ጉዳት ድርጅታችን ከልብ ይቅርታ ይጠይቃል።»

ምን ያድርግ፣ ምላሱ ያመጣለት ይህንኑ ነው። እህቱ ካፖርቱን ተቀብላ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አታነሳለትም። አዛኙም ምግብ አልበላ አለው።

ምክትሉ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሥራ አስኪያጁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ቅሬታ ተቀባይ አስመጣ። ዕቃው አንድ ስክሪንና አንድ ድምፅ ማጉያ ሲሆን፣ የአዛኙን ንግግር ለወራት ቀርጸው አስተምረውት ከባንኮኒው አጠገብ ተከሉት። ሠራተኞቹ ወዲያው «ምክትል» አሉት። ሲናገር ድምፁ የአዛኙ የራሱ ነው፤ ያቺን አጭር ትንፋሽ እንኳ አልተዋትም፣ አፍንጫ እንደሌለው እያወቀ። «እኔን ይድፋኝ» ይላል ደግሞ፤ ማንን ነው የሚደፋው? ደንበኞች ግን ይህን አልጠየቁም። ምክትሉ ለሻይ አይወጣም፣ አያዛጋም። ሰልፉ ቀስ እያለ ወደ እሱ ዞረ።

የአዛኙ ደም ፈላ። ማሽኑን የተከለችውን ወጣት ባለሙያ ኮሪደር ላይ አስቆማት።

«ስሚ እስቲ፣ ይሄ ዕቃ ያዝናል?»

«አያዝንም። እርስዎ ሲሉ የሰማውን ነው የሚለው።»

«እኔ ግን አዝኜ ነው የምለው።»

«ለሁሉም?»

«ለአብዛኛው» አለ። ቅንድቧን ስታነሳ «ለአንዳንዱ» አለ።

«ታዲያ አዝነው ያሉትን ሳያዝኑ ካሉት በምን እንለየው?» አለችው። የጠየቀችው ልታሾፍበት አልነበረም፤ ለሥራዋ ፈልጋው ነው። ጥያቄው አዛኙን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነው ዋለ።

በማግስቱ፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጠብቆ፣ ምክትሉን ሊያዋርደው የገዛ ራሱን የተቀደደ ካልሲ ስክሪኑ ፊት አንጠለጠለ። «እኔን ይድፋኝ» አለ ምክትሉ። «አይዞዎት፣ አብረን እናስተካክለዋለን።» አዛኙ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ሳለ ደረቱ ቀለል ሲለው ታወቀው። በገዛ ድምፁ፣ ማዘን በማያውቅ ዕቃ፣ ለካልሲ ተጽናና። በጣም ተናደደ። ንዴቱ ሲበርድለት ግን «እኔን እንዲህ ካደረገኝ እትዬንማ!» የሚል ሐሳብ መጣለት። ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ ብሎ፣ የሟች ባሏን ካፖርት ያበላሸባት ወንድም እህቱን ምን ቢላት እንደሚሻል በሹክሹክታ ጠየቀው። ምክትሉ አንጀት የሚበላ ንግግር አወጣለት።

አዛኙ በቃሉ አጠናና ወደ እህቱ ቤት ገሰገሰ። በሩ አልተከፈተለትም። በተዘጋው በር በኩል አንዲት ቃል ሳያጎድል ተናገረ።

«ጨረስክ?» አለችው ከውስጥ።

«ጨረስኩ።»

«ካፖርቱን ለምን እንደሰጠሁህ ገብቶሃል?»

«እንዲታጠብ ነዋ፣ እትዬ።»

«በል ነገ እመጣለሁ» አለች። «እንደ ሰው ሁሉ ባንኮኒያችሁ ላይ ቆሜ አቤት እላለሁ።»

እንዳለችውም መጣች፣ ያውም አዳራሹ ጢም ባለበት ሰዓት። ካፖርቱን በክንዷ ይዛ፣ በአዛኙ ፊት እንደማታውቀው ሰው አልፋ ከምክትሉ ሰልፍ ኋላ ቆመች። ተራዋ የደረሰ ጊዜ አንዱ ደንበኛ ካፖርቱን ተቀብሎ ሊያስቀምጥላት እጁን ቢዘረጋ «አትንካብኝ» ብላ ራሷ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው።

«እኔን ይድፋኝ፣ እናቴ። ምን ተበላሸብዎ?» አለ ምክትሉ።

«ወንድሜ።»

«ስለ ወንድምዎ ከልብ አዝናለሁ። ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው?»

«ባሌ የሞተ ጊዜ» አለች። «ደጃፌ ላይ ቆሞ አገር ምድሩን ሲያጽናና ዋለ። እኔ ጋ ገብቶ ግን አንድ ቀን አላለቀሰም። የባሌን ስም እንኳ አያነሳልኝም። እኔ ብቻዬን ነው የማለቅሰው። ካፖርቱን ሳወጣለት፣ ሽታው ሲደርሰው አንድ ነገር ይል ይሆናል ብዬ ነበር።»

«ላልተመለሰ ንብረት ድርጅታችን ተመጣጣኝ ምትክ ያቀርባል» አለ ምክትሉ። ከሰልፉ አንዱ ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ።

«ምትክማ አንተው አለህልኝ» አለችው እህትየው። «ድምፅህ ቁርጥ እሱን። አለማልቀስህም።»

አዛኙ ይህን ሲሰማ እንደለመደው አንገቱን ሊሰብር ሞከረ፤ አንገቱ እምቢ አለው። እጁም ደረቱ ድረስ አልወጣ አለ።

«እንግዲያው የልብሱን ባለቤት ስም ይንገሩኝ» አለ ምክትሉ።

እህትየው ስሙን በመናገር ፈንታ የካፖርቱን ኮሌታ ታቃና ጀመር።

«የጋሼ ነው» አለ አዛኙ ከወዲያ ሆኖ። ባንኮኒውን በየት በኩል እንደዞረ እሱም አያውቅም፤ ብቻ ፊቷ ቆሟል። «ለምንድነው ለእኔ የሰጠሽኝ? ከተማው ውስጥ ሌላ አጣቢ ጠፍቶ ነው? የጋሼን ስም ጨርቅ ላይ ጽፌ ከሰው ሱሪ ጋር ላሰልፈው? አልቻልኩማ። እዛ ውስጥ ተደብቄ እኮ ነው ያደግኩት። ዝናብ መሆኑን እንኳ የማውቀው ካፖርቱን ሲመታ በሚሰማኝ ድምፅ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ ነው። ሰው ለሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰጥቶ አሳጥብልኝ ይላል?»

ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ጭራሽ በሰው ፊት ወቀሳት። እየወቀሳትም ፊቱ ተጨማደደ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ እንባና ንፍጡ ተደባለቀ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰውን ሐዘን በዚያ ወግ ሲቀበል የኖረው ሰውዬ የራሱን ማልቀስ ጨርሶ አያውቅበትም። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና መልሶ ገባ።

እህቱ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ካፖርቱን ከባንኮኒው ላይ አነሳች፤ ባጠረው እጅጌ አፍንጫውን ያዘችለት።

«ተናፈጥ» አለችው።

ያ ሁሉ ደንበኛ እያየው ተናፈጠ።