የቆሮቆንዳ እሳት

ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ እሳት የምናነደው ለሙቀት አልነበረም። እዚህ ጋምቤላ፣ አቦቦ ላይ፣ ሙቀት የሚናፍቅ ሰው የለም። የምናነደው ለቢንቢ ነበር፤ እርጥብ ኩበት እላዩ ይጣልበትና ጭሱ በጎጆዎቹ መካከል ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ዓይናችን ያነባል፣ ቢንቢውም ትንሽ ይሸሻል። ወላጆቻችን ከወሎ ለሰፈራ የመጡት በድርቁ ዘመን ነው። እኔ ያኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ስለነበር መንገዱን አላስታውሰውም። ትዝታዬ የሚጀምረው ከዚያ እሳት ነው።

እሳቱ የአባባ እንድሪስ ነበር። ዘመዳችን አልነበሩም፤ ጎረቤታችን ነበሩ። ልጆቻቸውን በመጠለያ ቀብረው ብቻቸውን የመጡ ሰው ናቸው ይባል ነበር፤ እሳቸው ግን ስለዚያ ሲናገሩ ማንም አልሰማም። ቀን ቀን እንደማንኛውም ሰው በቆሎ ያርማሉ፣ ዝንጀሮ ይጠብቃሉ፣ ከአባቴ ጋር ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ሲመሽ የመንደሩ ልጅ ሁሉ የእሳቸው ነበር።

በቀን ተረት አያወሩም። ቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል ይሉ ነበር። ያኔ በመንደራችን ከብት ያለው ሰው ጥቂት ነበርና አንዱ ልጅ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ላም የለዎትም» ቢላቸው፣ «የምትመጣዋም ትጠፋለች» አሉት።

አቀማመጣችንም እንዲሁ በዘፈቀደ አልነበረም። እኛን በእሳቱ ዙሪያ በግማሽ ክብ ያስቀምጡንና «ፊታችሁን ወደ እሳቱ!» ይላሉ። ፊቱን በእናቱ ነጠላ የሸፈነ ልጅ ካለ ተረቱ አይጀመርም። እሳቸው ግን ከእሳቱ ማዶ፣ ጎተራው ሥር፣ ጨለማው ውስጥ ይቀመጣሉ። ድምፃቸውን እንሰማለን እንጂ አናያቸውም። አልፎ አልፎ አንድ እጅ ብቻ ከጨለማው ይወጣል፤ ጥቂት ደረቅ ቆሮቆንዳ እሳቱ ላይ በትኖ ይመለሳል። ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ሲደርቅ ቶሎ ይያያዛል፤ ነበልባሉ ቦግ ይልና ወዲያው ይወርዳል። እኔ ያኔ እሳቱ እንዳይጠፋባቸው የሚጨምሩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማታ «አባባ፣ ለምን ከእሳቱ ይርቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተረቱን አውቀዋለሁ፣ እሱን ምን አየዋለሁ?» አሉኝ። «እናንተን ነው የማየው።»

አልገባኝም። ሳይገባኝም አደግሁ።

ተረቶቻቸው ብዙዎቹ ከወሎ የመጡ ነበሩ። አንዱን ግን እዚሁ አቦቦ ነው ያበጁት። ጅቡ ከእኛ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ለሰፈራ ይመጣል። ጎጆ ይሰጡታል፣ መሬት ይሰጡታል፤ ማረስ ስለማይወድ አልዌሮ ወንዝ ይወርዳል። ከማዶ የሞተ ጎሽ ይሸተዋል፤ መሻገሪያ ግን የለም። ዞር ሲል ወንዙ መሀል ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ያያል። ዘሎ ይቀመጥበትና «ደግ አገር ነው፤ ለመንገደኛ ድንጋይ ያነጥፋል» ይላል። እዚህ ሲደርሱ አባባ እንድሪስ ዝም ይላሉ። እጃቸው ይወጣል፣ ቆሮቆንዳው እሳቱ ላይ ይወድቃል፣ ነበልባሉ ቦግ ይላል። ያን ጊዜ ቀስ ብለው፣ «ድንጋዩ… ተነፈሰ» ይላሉ።

ስንት ማታ ሰምተነዋል፤ ስንት ማታም ጮኸናል። ድንጋዩ ጉማሬ ነበራ!

«ማነህ?» ይለዋል ጉማሬው።

«የዚህ አገር ሰው ነኝ» ይላል ጅቡ።

«የዚህ አገር ሰው ጀርባዬን ከድንጋይ ይለያል።»

«እንግዲያው… እንግዳ ነኝ።»

«እሱን መጀመሪያ ብትለኝ እስካሁን ተሻግረህ ነበር» ይለውና ማዶ ያደርሰዋል።

አባባ እንድሪስ እኔ አግብቼ ጎጆ ከወጣሁ በኋላ አረፉ። እኔ ገና ድሮ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ አራሽ ሆኜ ቀርቼ ነበር። ተረታቸውን አልወረስኩም። ለልጆቼ የምናገረው «ተነሡ»፣ «ብሉ»፣ «ዝንጀሮው ገባ» ነበር። ሚስቴ ፋጡማ፣ «ይህ ሰው ቃል የሚገዛው በኪሎ ነው መሰለኝ» እያለች ጎረቤቱን ታስቅብኝ ነበር። ያን የጅብና የጉማሬ ተረት ያወራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ትልቋ ልጄ ሰዓዳ ሕፃን ሳለች ወባ ጥሏት፣ ትኩሳቱ አላስተኛት ሲል፣ ሌላ የምሰጣት ነገር ስላልነበረኝ እሱን ሰጠኋት። የምትሰማኝም አልመሰለኝም ነበር።

ሰዓዳ አድጋ ጋምቤላ ከተማ ገባች። መጀመሪያ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ታነሳ ነበር። ይህ ገብቶኝ ነበር፤ መታወቂያ ያስፈልጋል። በኋላ ያገለገለ ካሜራ ገዝታ ማንም ያላዘዛትን ማንሳት ጀመረች፤ ባሮ ላይ መረብ የሚጥሉትን፣ ከድልድዩ ሥር ልብስ የሚያጥቡትን፣ ማንጎ ዛፍ ሥር የሚያንቀላፋውን የባጃጅ ሹፌር። ከሰዓሊዎች፣ ከዘፋኞችና ድራማ ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ማኅበር ገጠመች። አኙዋክ አለበት፣ ኑዌር አለበት፣ የሰፋሪ ልጅ አለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትየርኪዲ መጠለያ ድረስ ሄደው የስደተኛ ልጆችን ፎቶ ማንሳት ያስተምሩ ነበር። እኔ ይህ ሁሉ ምን እንደሚያበላ አልገባኝም፤ አልከለከልኳትም፣ አላበረታታኋትምም። አንድ ጊዜ በትልቁ የታተመ ፎቶ ይዛልኝ መጣች። ሳየው የገዛ እጄ ነው፤ ዶማ ይዟል።

«ታጥቤ ብታነሺው ምን ነበረበት?» አልኳት።

«አባዬ፣ ጭቃው ነው እኮ ያማረው!»

ፋጡማ ሳቀች። እኔ ወደ ማሳዬ ወጣሁ። ማሳው ዳር ቆሜ እጄን ሳየው እንደቆየሁ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ፣ ባለፈው የበቆሎ አዝመራ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሞተር ሳይክል መጣች። የምትነዳው ራሷ ናት፤ ከኋላዋ ኦጁሉ የሚባል አኙዋክ ሰዓሊ ጓደኛዋ ሁለት እጁን አጣብቆ ተቀምጧል። ሲወርድ «አባባ፣ ልጅህ እንደ ጎሽ ነው የምትነዳው» አለኝ። ወደድኩት።

ነገሩን ሰዓዳ ነገረችኝ። ማኅበራቸው ከተማ ውስጥ ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነው። ሁሉም ሰው የቤተሰቡን ምሽት፣ የሽማግሌዎቹን ጨዋታ፣ በሥዕል ወይም በፎቶ ያመጣል። ኦጁሉ አያቱን ሥሏል። የኑዌሮቹም ደርሷል። የእሷ ቦታ ብቻ ግድግዳው ላይ ባዶ ነው።

«የዓሣ አጥማጆቹን ስቀዪዋ» አልኳት።

«እነሱ የኦጁሉ ናቸው፣ አባዬ። የእኔስ የት አለ? እዚሁ ተወልጄ ሰው ከየት ነሽ ይለኛል። ወሎ ብል ወሎን አላውቃት። የእኛን ምሽት ካላሳየሁ እዚያ ግድግዳ ላይ የለሁም ማለት ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የጉማሬውን ተረት ለልጆቹ አውራላቸው፤ እኔ ላንሳ» አለችኝ።

ሰምታኝ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራለች።

«ይምሽና አወራለሁ» አልኩ፤ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«አሁን ነው እንጂ! ሲመሽ ብርሃን የለም፤ ካሜራዬ አያይም።»

«ቀን ተረት አይወራም።»

«ፍላሽ ካበራሁ ደግሞ ፊታቸው ይሞትብኛል። አባዬ፣ እባክህ፤ ለአንድ ቀን ብቻ።»

«ከብት ይጠፋል» አልኩ። ሦስት ላሞች አሉኝ።

ኦጁሉ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ። ሰዓዳ ግን አልሳቀችም። ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ልክ በሕፃንነቷ፣ ስትከፋ፣ እንደምትቀመጠው ጉልበቷን አቅፋ። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ገመድ ስገምድ ቆየሁና ተነሥቼ እሳት አነደድኩ።

የሰፈሩን ልጆች ጠራሁ፤ ኦጁሉም ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ። በግማሽ ክብ አስቀመጥኳቸውና «ፊታችሁን ወደ እሳቱ!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ከዚያ ሳላስበው እግሬ ከእሳቱ ማዶ ወሰደኝ፤ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። ፋጡማ ለማገዶ ያስቀመጠችው የቆሮቆንዳ ጆንያ እጄ አጠገብ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከዚያ ቦታ ላይ ሆኜ አይቼ አላውቅማ። ልጆቹ እኔን አያዩኝም፤ እኔ ግን እያንዳንዷን ቅንድብ አያለሁ። የትኛው እንደፈራ፣ የትኛዋ እንዳልሰማች፣ የትኛው ራት እንዳልበላ ሁሉ ይታያል። አባባ እንድሪስ ያን ሁሉ ማታ የተቀመጡት እዚህ ነበር። ለምን እንደሆነም ያኔ አልገባኝ ያለው አሁን ገባኝ፤ ልጆቹን ያጣ ሰው በብርሃን ውስጥ ልጆች ያስቀምጣል።

«ሰዓዳ» አልኩ፣ «ወደዚህ ነይ። ከኔ ጎን ተቀመጪ።»

መጣች። ካሜራውን አቅንታ አየችና «ትንሽ ነው፣ አባዬ፤ ብርሃኑ አይበቃም» አለች በሹክሹክታ።

«ይመጣል። ስነካሽ አንሺ።»

ተረቱን ጀመርኩ። እየተደናቀፍኩ ነበር፤ ጅቡን መኪና ላይ ጫንኩት፣ ማውረዱን ረስቼ ወንዝ አደረስኩት፣ አንዷ ሕፃን «መቼ ወረደ?» አለችኝና መልሼ አወረድኩት። ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ ዝም አልኩ። በአንድ እጄ ቆሮቆንዳ አፈስኩ፣ በአንዱ የልጄን ክርን ነካሁ። ነበልባሉ ቦግ ሲል «ድንጋዩ… ተነፈሰ» አልኩ።

ልጆቹ ጮኹ። ኦጁሉም ጮኸ። አጠገቤ ካሜራው ጠቅ፣ ጠቅ አለ፤ ከዚያ ነበልባሉ ወረደ።

ተረቱ ሲያልቅ ኦጁሉ፣ «አባባ፣ ግን ጉማሬ አማርኛ ይችላል?» አለኝ።

«ጅቡ ሌላ ቋንቋ አያውቅም» አልኩት። «ጉማሬው አዘነለት።»

ሳቀ፤ ኋላም «እውነትህን ነው፤ እኛም እንደዚያ አዝነን ነው የቻልነው» አለ። ሰዓዳ የካሜራዋን ትንሽ መስታወት እያየች ነበር። ብርሃኑ አገጭዋ ላይ ወድቆ አየሁት። ክንዴን ያዘች።

በኤግዚቢሽኑ ቀን የጁምዓ ልብሴን ለብሼ ከፋጡማ ጋር ከተማ ወረድኩ። ባሮ አጠገብ፣ በአንድ አዳራሽ ግቢ ውስጥ፣ ሥዕሉም ፎቶውም ተሰቅሏል። የሰዓዳ ቦታ ባዶ አልነበረም። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው፣ አንዷ የሌላዋን ቀሚስ ጨብጣ፣ ኦጁሉ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ ሁሉም በቀይ ብርሃን ተነክረው አሉ። ከዳር በኩል የእሳት ፍንጣሪና የአንድ እጅ ጣቶች ይታያሉ። ያ እኔ ነኝ። ጭቃ እንኳ አልነበረበትም።

የኦጁሉ ሴት አያት ከራሳቸው ሥዕል አጠገብ ተነሥተው መጡ። ፎቶውን ብዙ አዩት፤ በአኙዋክኛ አንድ ነገር አሉ።

«እነዚህ ሰዎች ምን አይተው ነው የሚጮኹት? ትላለች» አለ ኦጁሉ።

«እኔን ሰምተው ነው» አልኩ።

አሮጊቷ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኙኝ። ምንም የሚያስጮህ ነገር አላገኙብኝም መሰለኝ፣ እንደገና ተናገሩ።

«እንግዲያው ንገረኝ ትላለች። እሷም መጮህ ትፈልጋለች።»

«ቀን ተረት አይወራም በላቸው።»

ነገራቸው። አሮጊቷ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፤ ወንበር ሳቡ፤ ፎቶው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኦጁሉ እየሳቀ ተረጎመልኝ፦

«ይመሻል፣ ትላለች።»

ሰዓዳ ከማዶ ሆና ታየኝ ነበር፤ ካሜራው አንገቷ ላይ ነው፣ አላነሳችኝም። አባባ እንድሪስ አንድም ፎቶ የላቸውም፤ መልካቸውም ከዓይኔ እየጠፋ ነው። ጨለማ ውስጥ ነበርና የሚቀመጡት፣ ማን በደንብ አያቸው? ከእሳቸው የቀረልኝ እጃቸውና ያ ቦታ ነው። ቦታውን ልጄ አወቀችው፤ ወደፊት ማን እንደሚቀመጥበት አላህ ያውቃል።

ሌሎችም ሰዎች ወንበር መሳብ ጀመሩ። ፀሐይዋ ወደ ባሮ እየወረደች ነበር። ኦጁሉን ወደ ጎን ጠርቼ፣ «ከተማችሁ ውስጥ ደረቅ ቆሮቆንዳ የት ይገኛል?» አልኩት።