የወንድወሰን ቱታ

ዳግማዊ ሀብተጊዮርጊስን በገዛ ስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ከአጋሮ እስከ ሰቃ ያሉት ቡና ጫኞች በሙሉ «ወንድወሰን» ነው የሚሉት። የሚነዳት አሮጌ የጭነት መኪና ግንባር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም ይኸው ነውና፣ ሰው የሾፌሩ ስም ይመስለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ «እኔ ዳግማዊ ነኝ፤ ወንድወሰን የሞተው ወንድሜ ነው» እያለ ያስረዳ ነበር። ሰዎቹ ከንፈራቸውን ይመጥጡለትና በሚቀጥለው ሳምንት «ያ ወንድወሰን፣ ኮቱ!»፣ ና እንደ ማለት፣ ብለው በኦሮምኛ ይጠሩታል። ኋላ ላይ እሱም ሰለቸውና «አቤት» ማለት ጀመረ።

አባቱ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከሸዋ መጥተው ጅማ የቀሩ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ቡና ሲያመላልሱ ነው። ረዳታቸው የበኩር ልጃቸው ወንድወሰን ነበር፤ ያኔ እሱን የማያውቅ የመንገድ ሰው አይገኝም። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ጭነቱ አናት ላይ ቁጭ ብሎ ሲያፏጭ ከሩቅ ይሰማል። መኪናዋ ዳገት ላይ ማቃሰት ስትጀምር አባትየው «ወንዴ፣ ታኮ!» ብለው ሳይጨርሱ እሱ ወርዷል፤ የተጠረበውን እንጨት የኋላ ጎማ ሥር ወትፎ መኪናዋን ይዟታል።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ከአጋሮ ሲመለሱ እንደ ልማዱ ወረደ። መንገዱ ጭቃ ነበር። መኪናዋ ወደኋላ ተንሸራታ ታኮውን ዘለለችው፤ ወንድወሰን ደግሞ ከታኮው ጀርባ ነበር።

አርባው በወጣ በሳምንቱ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰማያዊውን ቱታ ከሳጥን አወጡት። እናትየው ወይዘሮ አበራሽ አጥበው አስቀምጠውት ነበር። ዳግማዊ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሊገባ ደብተሩን ሁሉ ለብጦ ጨርሷል። አባቱ «እስቲ ልበሰው» አሉት። ለበሰው። እጅጌው ጣቶቹን ውጦ ያልፋል፤ እግሩን ሁለቴ ጠቀለሉለት። «በልጄ ቦታ ባዳ አላስቀምጥም» አሉ ለወይዘሮ አበራሽ፣ ዳግማዊን እንኳን ሳያዩት። ልጁ እንባው መጣ። አባትየው ጀርባቸውን ሰጥተው ሞተሩን ሊያስነሱ ወጡ። አላዩኝም ብሎ አመነ፤ ባያዩኝ ይሻላል ብሎም ተጽናና።

ከዚያ በፊት ሁለቱ ወንድማማቾች እሑድ እሑድ የሚሄዱበት አንድ ቦታ ነበር። ጅማ ሄርማታ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው ዳር፣ ቲጃኒ የሚባል አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ አለ። የፈረንጅ አስተማሪዎች አገራቸው ሲገቡ ጥለዋቸው የሄዱትን የስዕል መጽሔቶች ከየት ከየት ሰብስቦ ልጆችን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ያሳያል። መጽሔቶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። እንግሊዝኛውን ልጆቹም አያነቡት፣ ቲጃኒም አያነበው። ይህ ግን ቲጃኒን ከመተረክ አግዶት አያውቅም። ስዕሉን በጣቱ እየተከተለ፣ ድምፁን እያወፈረና እያቀጠነ፣ የሌለ ታሪክ እንዳለ አድርጎ ያወርደዋል።

ሁሉም የሚሻሙት የባለካባውን ነበር። ባለካባው ጭንብል ያጠለቀ፣ ከሰገነት ሰገነት የሚዘል፣ ወንበዴ የሚቀጣ ጀግና ነው፤ ሁሌ አብሮት አንድ ልጅ ረዳት አለ። አንደኛው ልጅ ሞተ። ቲጃኒ ያንን ሲተርክ ወንድወሰን ራሱ ዓይኑን ጠርጓል። ቀጥሎ ሌላ ልጅ ይመጣል። ስዕሉ ላይ ልጁ ጨለማ ክፍል ገብቶ፣ የመስታወት ቁም ሣጥን ከፍቶ፣ የሟቹን ልብስ ያወጣል፤ ባለካባው ጥግ ላይ ቆሟል። «አያችሁት?» አለ ቲጃኒ። «የሬሳ ልብስ ሰረቀ! ባለካባው ደግሞ ተደብቆ እያየው ነው፤ ወላሂ ቆይ ያገኘዋል!» ከዚያ ወዲያ የአግዳሚው ልጆች ሁለተኛውን ልጅ «ሌባው» አሉት። በተመታ ቁጥር ያጨበጭባሉ። ከሁሉ አብልጦ የሚያጨበጭበው ዳግማዊ ነበር።

ቱታውን ከለበሰ በኋላ አንድ ቀን መኪናዋ በሄርማታ ስታልፍ እሱ ጭነቱ ላይ ተቀምጧል። ከአግዳሚው አንዱ ልጅ ቀና ብሎ «ሌባው መጣ!» ሲል ጮኸ። ልጆቹ ሳቁ። ቲጃኒም አብሯቸው ሳቀ። ዳግማዊ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲጃኒ ዘንድ አልሄደም።

ዓመቶቹም እንዲሁ በዳገት አለቁ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ መሪውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ «ወንዴ፣ ታኮ!» ይላሉ፤ ዳግማዊ ይወርዳል። ሲያጠፋ «ወንዴ ቢሆን» ይባላል፤ ሲያለማ ምንም አይባልም። ከአባቱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ በአንድ ዳገት ላይ፣ አንዴ ብቻ፣ «ዳግማዊ፣ ታኮ!» እንዲሉት። ይኸ ይበዛል? ውሻ እንኳ የራሱ ስም ይወጣለታል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። የአባቱ ዓይን ደክሞ መሪውን ሲረከብ ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። ያን ዕለት ሽማግሌው የመኪናዋን ግንባር በእጃቸው ዳብሰው «ቀለሙ ለቋል፣ አሳድሰው» ብቻ አሉት። አሳደሰው። ሠዓሊው ከልቡ የሠራ ሰው ስለነበር ፊደሎቹ ከበፊቱ ይልቅ ደመቁ።

በ2009 ዓ.ም. ቲጃኒ ሱቁን ሊዘጋ ሆነ። ልጁ ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቀርቷል፤ አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ዳግማዊ በሄርማታ ሲያልፍ አስቆመውና በሲባጎ የታሰረ ጥቅል በመስኮት ሰጠው። «ና አቦ፣ የልጅነትህን ውሰድ። ለሱቅ መጠቅለያ ከምሸጠው ብዬ ነው።»

ሰቃ ቡና እስኪጫንለት ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ፈታው። በማታ ትምህርት የቀሰማት እንግሊዝኛ አለችው፤ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ያነባል። የጨለማውን ክፍል ገጽ ሲያገኝ ቆመ። በስዕሉ ጥግ፣ ከባለካባው አፍ የወጣ ቃል አለ፦ «ልበሰው። እዚያ ልብስ ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ ልየው።»

ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ቀጣዮቹን ገጾች በሙሉ አነበበ። ልጁ ምንም አልሰረቀም። ባለካባው እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በሟቹ ስም ይጠራዋል፤ ልጁም እየታዘዘ ይዘላል፣ ይመታል፣ ይነሳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ይኸ ስሜ አይደለም» ይላል። ባለካባው በመስኮት ውጪውን እያየ ነው። ዳግማዊ ተናደደ፤ በባለካባውም፣ በቲጃኒም፣ ከሁሉ በላይ ሲያጨበጭብ በነበረው በራሱም ተናደደ።

ጭነቱን ይዞ ሲመለስ መጀመሪያ ያቆመው ሄርማታ ነው። «ሌባ አልነበረም እኮ!» አለው ቲጃኒን። «ልበስ ብሎ ያስገደደው ባለካባው ነው!»

ቲጃኒ ማንን እንደሚል እስኪገባው ቆየ። «ወላሂ እኔ በምን አውቄ? ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ። ደግሞ ልጆች ሌባ ከሌለበት አይሰሙም» ብሎ የሱቁን ሳንቃ መንቀል ቀጠለ።

ዳግማዊ ቤት ሲደርስ ገና ፀሐይ አለ። አባቱ በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ነገር መርሳት ከጀመሩ ከርመዋል፤ አንዳንድ ቀን የቤታቸውን በር ይስታሉ። ዛሬ ግን ሳይጠይቃቸው ሊያድር አልፈለገም። በቱታው እንዳለ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«አባባ፣ እኔ ማነኝ?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ፊታቸው፣ ዳግማዊ ከልጅነቱ ወዲህ አይቶት እንደማያውቅ ሆኖ በራ። «መጣህ? ምነው ቆየህ፣ ወንዴ?»

«መጣሁ» አለ ዳግማዊ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰው እንዳይሰማቸው ግራ ቀኝ አዩ። «አንተ ሳትኖር ዳግማዊን ረዳት አድርጌ ይዤው ነበር» አሉ።

ስሙ ከአባቱ አፍ ሲወጣ፣ አጠገባቸው ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «እሺ፣ እንዴት ነው? ጎበዝ ነው?» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

«አይ፣ እሱስ እንዳንተ አይደለም። ታኮ ሲያስገባ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቱታህን ሳለብሰው አለቀሰ። አይቼዋለሁ፤ እንዳላየ ሆኜ ወጣሁ። ምን ላድርግ ልጄ? ያላንተ ማን ታኮ ይያዝልኝ?» የዳግማዊን እጅ ፈልገው ያዙ። «አሁን አንተ መጥተሃል። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል ብለዋል፤ ልጁን አሰናብተው፣ ይማርበት።»

ዳግማዊ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተና የአባቱን ፊት አየ። ያንን ደስታ የሚያጠፋበት አንጀት አጣ።

«እሺ አባባ» አለ፣ «አሰናብተዋለሁ።»

«ቱታህን ተቀበለው» አሉ ሽማግሌው። «እንዳታስቀይመው ታዲያ። ልጁ ብዙም አላጠፋም።»