ሉፔ ጋራዥ ውስጥ የጀመረችው ጭፈራ

በስደት ባደግሁበት ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ልጄ ጭፈራ በምትለማመድበት አዳራሽ፣ ሚስማር የተመታበት ጫማ ወለሉን ሲደበድብ በሰማሁ ቁጥር ወደ ዘጠኝ ዓመቴ እመለሳለሁ።

ያኔ ሜክሲኳዊቷ ጎረቤታችን ሉፔ ጋራዧን ዘግታ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ትሰበስብ ነበር። እናቴ አላመነቻትም። «ደግ ነገር ቢሆን ይደበቃል?» አለችና እጄን ይዛ ሄዳ አንኳኳች።

ሉፔ ከፈተችልን። ውስጡ ቤንዚንና አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ ልጆቹ ባለጥብጣብ ሰፊ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ሲሚንቶውን ይረግጣሉ። ሉፔ ቀይ ቀሚስ አንስታ ሰጠችኝና በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ።

«የአገሯን ጭፈራ የሚያሳይ ቡድን ልትመሠርት ነው፤ እኔም እንድገባ ትፈልጋለች» ብዬ ለእናቴ ተረጎምኩላት።

እናቴ ቀሚሱን ከእጄ ወስዳ መለሰችላት። «እኅቴንም በጭፈራ ነው የወሰዱብኝ» አለችኝ። ማን እንደወሰዳት ብጠይቃት እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። አክስቴን የቀበሌ ኪነት ቡድን መልምሏት፣ ለወታደሮች ልትጨፍር ጦር ግንባር ሄዳ በዚያው እንደቀረች የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ዛሬ ሉፔ አርጅታለች፤ ልጄ ያለችበትን ቡድኗን ያኔ ያስተማረቻቸው ልጆች ይመሩታል። እናቴም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ትመጣለች። ወንበር ሲሰጧት «ይቅርብኝ» ትላለች፤ ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከልጅ ልጇ ሳትነቅል በሩ ላይ ትቆማለች።